አጭር እንጨት የማይንቁ እጆች

ከካርቱም ቤተ መንግሥት ደጃፍ ተነሥቶ የዓባይን ዳር ይዞ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አንድም ዳገት አይገጥመውም። ከተማዋ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ ጎዳናውም ከወንዙ ጋር እኩል እየታጠፈ ይሄዳል። በስተቀኝ ውኃው አለ፤ ከውኃው ማዶ በአትክልት የተሸፈነችው የቱቲ ደሴት ትታያለች። በስተግራ በእንግሊዞች ዘመን የተተከሉ ማሆጋኒዎችና የዋርካ ወገን የሆኑ ትልልቅ ዛፎች አስፋልቱን አጥልተውበታል። ካርቱሞች መንገዱን ሻሪዕ አን-ኒል፣ የናይል ጎዳና ይሉታል። ሳይቸኩሉ ቢሄዱ ሁለቱ ዓባዮች እስከሚገናኙበት እስከ አል-ሞግራን ድረስ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው።

ከጦርነቱ በፊት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የካርቱም ሰው ወደዚህ ይወጣ ነበር። ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ዝቅ ያሉ ወንበሮችን በወንዙ ዳር ይደረድራሉ፤ ቡናውም በጀበና፣ ከዝንጅብል ጋር ይቀርባል። በከተማዋ ይኖሩ ከነበሩት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መካከልም ቀኑን በሰው ቤትና በሰው ሱቅ ሲሠራ ውሎ፣ አመሻሽ ላይ ከአገሩ የመጣውን ውኃ ቁጭ ብሎ የሚያይ አይታጣም ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ፈነዳ። ጎዳናው የጦር ግንባር ሆነ፤ ቤተ መንግሥቱ ተቃጠለ፤ ብሔራዊው ሙዚየም ተዘረፈ። የሱዳን ሠራዊት ቤተ መንግሥቱን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው።

የዚህን ዳርቻ ታሪክ በጦርነት ብቻ መቁጠር ቀላል ነው። እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1885 እዚሁ ተገደለ፤ የእንግሊዝ የጦር አዛዥ ኪችነር በ1898 በመድፍ ጀልባ መጣ፤ ከዚያ ወዲያም ወታደር በወታደር ላይ ተነሣ። እኔ ግን ይህን መንገድ በእጅ ሥራው በኩል ማየት እወዳለሁ። በዚህ የአንድ ሰዓት መንገድና በማዶው ዳር ከስምንት ሺህ ዓመት በፊት የተሠራ የሸክላ ስብርባሪ፣ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ የተመለሰ ቤተ መቅደስ፣ በመጋዝ ከግድግዳ የተላቀቀ ሥዕል፣ ያለ አጥንት የሚቆም ጀልባ ይገኛሉ። እነዚህን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። አንዳቸውም ከትልቅ፣ ከረጅም፣ ከፍጹም ቁስ አልተሠሩም። የእጁ ባለቤት ያገኘው አጭሩን፣ ቆልማማውን፣ ለስላሳውን፣ ተሰባሪውን ነው። ጥበቡ ያለው ያንን ሳይንቁ በማገጣጠሙ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሸክላው። ከዛሬው የወንዝ ዳር ገባ ብሎ የካርቱም ሆስፒታል አለ። የሱዳን የቅርስና የሥነ ሰብ ኃላፊ የነበረው አርከል ከ1944 ወደ 1945 በሚያሻግረው ደረቅ ወቅት ከሆስፒታሉ አጠገብ ቆፈረ። ያገኘውም የዓሣ አጥማጆችና የአዳኞች ሰፈር ነበር። ዓባይ ያኔ ከዛሬው ከፍ ብሎ ይፈስ ስለነበር ቦታው የወንዙ ዳር ነበር። ነዋሪዎቹ እርሻ አያውቁም፤ ከብት አላረቡም። ሸክላ ግን ይሠሩ ነበር፤ ያውም ቀላል ሸክላ አይደለም።

ስብርባሪውን ብርሃን በጎን እንዲመታው አድርጎ ያዘነበለ ሰው ጥበቡን ወዲያው ያያል። ከገጹ ላይ አራት አምስት ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አብረው ከፍ ይላሉ፣ አብረው ዝቅ ይላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለዋወጥም። መስመሮቹ አንድ በአንድ የተሳሉ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ሊተካከሉ አይችሉም። መሣሪያው የአምባዛ እሾህ ነው። ከአምባዛ ደረት ግራና ቀኝ የሚወጣው እሾህ አንዱ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ያንን ጠርዝ አስነክታ እጇን እያወዛወዘች ጎተተችው። ጥርሶቹ ርቀቱን ጠበቁላት፤ ማዕበሉን ግን የሰጠችው እጇ ናት። በልታ ከጨረሰችው ዓሣ የተረፈውን እሾህ ይዛ፣ ውኃ በነፋስ ሲመታ የሚያሳየውን ገጽ በማሰሮ ላይ አስቀመጠች። ይህ አሠራር ከካርቱም አልፎ በሰሃራና በሳህል ስፋት ተገኝቷል፤ የጥንት ዘመን አጥኚዎችም ሞገደኛ መስመር ይሉታል። ከሸክላው ጋር የወጡት ከአጥንት የተጠረቡ የዓሣ መውጊያዎችም የዚያው ትዕግሥት ልጆች ናቸው። በአንድ ጎናቸው ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች ተቀርጸውባቸዋል፤ የገባው ጥርስ ተመልሶ እንዳይወጣ ነው።

ከዚያው ቁፋሮ የወጡት የእንስሳት አጥንቶች ደግሞ ወንዙ ምን ይመስል እንደነበር ይናገራሉ። ጉማሬ፣ አዞ፣ ኤሊ፣ ብዙ ዓይነት ዓሣ፣ ረግረግ የሚወድ የናይል ሌችዌ የተባለ አጋዘን መሰል እንስሳ ነበሩ። ይህ እንስሳ ዛሬ የሚገኘው በደቡብ ሱዳንና በእኛው ጋምቤላ ረግረጎች ብቻ ነው። ካርቱም በአንድ ወቅት ጋምቤላን ትመስል ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንዙ ዳር እንመለስ። ውኃው በዓመት ውስጥ ሁለት መልክ አለው። በበጋ ጠርቶ ዝቅ ይላል፤ ከሐምሌ ጀምሮ ከእኛ ደጋ አፈር ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይሞላል። በነሐሴና በመስከረም መባቻ ዳርቻውን ይነካል፤ በ2020 እንዳደረገው አንዳንዴም ያልፈዋል። ያ አፈር እኛ ዘንድ የተሸረሸረ ማሳ ነው። እዚህ ደግሞ ጡብ ሠሪዎች ከወንዙ ዳር እየቆፈሩ ከእበት ጋር ይለውሱታል፤ በቅርጽ ይመቱታል፤ በዚያው ዳር ቆልለው ያቃጥሉታል። የካርቱም ቀይ የጡብ ግድግዳ በብዛት የተሠራው ከዚህ ነው። ውኃው ሲሸሽም ገበሬው ተከትሎት ይወርዳል። እርጥብ የቀረውን ተዳፋት ከውኃው ጠርዝ ድረስ አትክልት ይዘራበታል። ሕዳሴ ግድብ ጎርፉን እየለዘበው፣ ደለሉንም እየያዘው ስለሆነ ይህ ዑደት ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይሆንም፤ በዚህ ዳር የሚሠሩ እጆች ሁሉ ከአዲሱ ወንዝ ጋር መተዋወቅ ይኖርባቸዋል።

ዳርቻው ቀጥ ብሎ በተቆረጠበት ቦታ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ቤት ናቸው። ወፉ ሲያድን ከውኃው በላይ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፤ ምንቃሩ ወደ ታች፣ ዓይኑ ከአንድ ነጥብ ላይ አይነቀልም። ከዚያ ክንፉን አጥፎ ይወረወራል። ጎጆውን ሲሠራ ግን ፍጥነቱን ትቶ ታጋሽ ይሆናል። በምንቃሩ እየቆፈረ፣ በእግሩ አፈሩን ወደ ኋላ እየጠረገ፣ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ የሚገባ ዋሻ ያበጃል፤ መጨረሻውንም ለእንቁላሉ ሰፋ ያደርገዋል። ጠንካራው አለት አይጠቅመውም፤ የሚፈልገው ለምንቃር የሚበገር፣ ግን ተደርምሶ የማይቀብረው የደለል ግንብ ነው። ዓባይ እንዲህ ያለውን ግንብ በየዓመቱ ሲሠራለት ኖሯል።

በዚሁ ዳር ከመሬት ላይ የተቀመጠች አንዲት የብረት መርከብ አለች። ሜሊክ ትባላለች። በ1896 በለንደን አጠገብ በሶርኒክሮፍት የመርከብ ፋብሪካ ተሠራች። ወደ ሱዳን የመጣችው ሙሉ ሆና አይደለም፤ ክፍል በክፍል ተነጣጥላ በባቡር ተጭና አባዲያ ከተባለ የናይል ዳር ቦታ ላይ ተገጠመች። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1898 በኡምዱርማን ጦርነት ላይ ተኮሰች። ኋላ የጀልባ ስፖርት ክበብ ጽሕፈት ቤት ሆነች፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው ጎርፍ ደግሞ አንሥቶ ዳርቻው ላይ አስቀመጣት። የመጣችበትን ዓላማ ማንም ሱዳናዊ አያመሰግነውም፤ እኔም አላመሰግነውም። ሥራዋን ግን ቀርቦ ማየት ይገባል። በጎኗ ላይ በረድፍ የተደረደሩት የብረት ብሎኖችና ችካሎች የመገጣጠሚያዎቿን መስመር ያሳያሉ። የለንደን ሠራተኛ ሜሊክን ሲሠራ በአእምሮው የነበረው ሙሉ መርከብ ብቻ አልነበረም፤ ተፈትታ በረሃ የምታቋርጥ፣ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ መልሳ የምትገጠም መርከብ ነበረች። ነገሩ ሁሉ በንድፍ ወረቀት ላይ በልክ የተጻፈ ነው። ይህን እናስታውስ፤ ወደ ኡምዱርማን ስንሻገር ያለ አንዲት ወረቀት የሚሠራ መርከብ እናያለን።

ወደ አል-ሞግራን ስንቃረብ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ይመጣል። የተከፈተው በ1971 ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ የሱዳንን ኑቢያ ሊያሰጥም ሲል በ1960ዎቹ ከሞት የተረፉት ቤተ መቅደሶች በአትክልት ስፍራው ቆመዋል፤ የቡሄን፣ የሰምና ምሥራቅ፣ የሰምና ምዕራብ፣ የአክሻ። ሥራውን የመራው ፍሬድሪክ ሂንከል የተባለ የምሥራቅ ጀርመን አርክቴክት ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተሰጠው፤ ተለካ፣ ተሣለ፣ ወረደ፣ ታሸገ፣ ካርቱም ደርሶም እንደ ቁጥሩ ተመለሰ። ሂንከል በዚህ አልበቃውም። በአትክልቱ መካከል እንደ ናይል የሚያገለግል የውኃ ቦይ ተቆፈረ፤ ቤተ መቅደሶቹም በቀድሞ ቦታቸው ከወንዙ ጋር በነበራቸው አቅጣጫ በቦዩ ዙሪያ ተተከሉ። ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን ሕንፃው ከውኃ ጋር የነበረውን ዝምድና ጭምር አዛውሯል።

ቤተ መቅደሶቹ ድንጋይ በድንጋይ ሊፈቱ የቻሉበት ምክንያት ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። በግብፅ በኩል ያለው የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ከአለት የተፈለፈለ ስለነበር ለማንሣት መጋዝ አስፈልጓል። የቡሄን ቤተ መቅደስ ግን ሲሠራም የተሠራው ከተጠረበ አሸዋ ድንጋይ ነው። የንግሥት ሐትሸፕሱት ግንበኞች ለመገጣጠም ብለው የተዉት ስንጥቅ ለሂንከል ሠራተኞች የመፍቻ በር ሆነላቸው። ዓይን ያለው ጎብኚ እነዚያን መስመሮች ይከተላል። አንዱ የንጉሥ ትከሻ ላይ ያልፋል፤ አንዱ የአማልክት እጅ ከያዘው በትር በታች ይወጣል። ጠራቢው ሥዕሉን የጠረበው ድንጋዮቹ ከተገጠሙ በኋላ ስለሆነ የቅርጹ መስመር ስንጥቁን ሳይፈራ ይሻገራል። ቀይና ቢጫ ቀለሙ በየቦታው አለ። የንግሥቲቱ ስምና ምስል በተከታዮቿ ዘመን የተለወጠባቸው ቦታዎችም አሉ፤ እዚያ ላይ ድንጋዩ ከአካባቢው ዝቅ ብሎ ጥላ ይይዛል፤ የማጥፋቱ ሥራ ራሱ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። የኑቢያ አሸዋ ድንጋይ ለስላሳ ነው፤ የዝናብ ጠብታ ይበላዋል። ስለዚህም ለዝናቡ ወቅት በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ከለላ ተሠራላቸው። የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀውን ነገር ድካም ማወቅ አለበት፤ ያ ሐዲድ የዚህ ዕውቀት ፍሬ ነው።

በዚያው አትክልት ስፍራ ባሳ ከተባለ ቦታ የመጡ ትልልቅ የድንጋይ እንቁራሪቶች ቁጢጥ ብለዋል። የመሮዌ ዘመን ሰዎች የሠሯቸው ናቸው፤ በባሳ የቆሙት በአንድ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ዙሪያ ነበር። በደረቅ ምድር ዝናብን አጠራቅሞ ለሚኖር ሕዝብ የእንቁራሪት ድምፅ ምን ያህል የምሥራች እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ጠራቢው ዝርዝር አላበዛም። የጀርባውን ክብነት፣ የታጠፈ እግሩን ክብደት፣ የዓይኑን ጉብታ ሰጠና አቆመ። ቢጨምር ኖሮ እንቁራሪቱ ከብዶ ድንጋይ ይሆን ነበር፤ በልኩ ስለተወው ሊዘል የተዘጋጀ ይመስላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በዚህ ሙዚየም ከሁሉ የሚቀርበው በኑቢያ ከነበረው ከፋራስ ካቴድራል የመጣው ሥዕል ነው። የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች በካዚሚየሽ ሚካዎቭስኪ መሪነት ከ1961 እስከ 1964 በአሸዋ ተውጦ የነበረውን ካቴድራል ቆፍረው ከ120 በላይ የግድግዳ ሥዕሎች አወጡ። ገሚሱ ወደ ዋርሶ፣ ገሚሱ ወደ ካርቱም ሄደ። የማላቀቁ ሥራ እጅ የሚያንቀጠቅጥ ነበር። የሥዕሉ ገጽ በስስ ወረቀት ተሸፍኖ በሰም ድብልቅ ይያዛል፤ ከዚያ ከጀርባው ልስኑ ከግንቡ በመጋዝ ይለያል፤ ገበታ ላይ ይወርዳል፤ ካርቱም ወይም ዋርሶ ሲደርስ አዲስ ጀርባ ይሰጠውና ወረቀቱ ይነሣል። ስህተት የሚታረምበት ሁለተኛ ዕድል የለም።

ካርቱም ከደረሱት መካከል ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ እሳት ውስጥ ይገኙበታል። ታኅሣሥ 19 ቀን ይህን ታሪክ ሲሰማ ላደገ ሰው ሥዕሉ አዲስ አይሆንበትም። ሦስቱ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ነበልባሉ ከበታቻቸው ይነሣል፤ ከኋላቸው መልአኩ ክንፉን ዘርግቷል። እኛ የምናውቀው ገብርኤልን ነው፤ ኑቢያዎች ግን ሚካኤልን ሣሉ። ሠዓሊው ሦስቱን ልጆች ለየብቻ አላቆማቸውም። የመልአኩ ክንፎች ግራና ቀኙን ሲሰበስቡ ሦስቱ ሰዎች፣ እሳቱና ጠባቂው አንድ ቅርጽ ይሆናሉ። ፊታቸው ላይ ጭንቀት የለም፤ ዓይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው፤ የሚያዩትም እኛን ነው። ይህን ሥዕል የሠሩ ክርስቲያኖች ከእኛ ጋር በአንድ መንበረ ማርቆስ ሥር ነበሩ፤ ጳጳስ የሚሾምላቸውም ከዚያው ከእስክንድርያ ነበር። መንግሥታቸው ካለፈ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ሆኖታል። የእጃቸው ሥራ ግን እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢሰቀል እንግዳ አይሆንም።

ከሙዚየሙ ወጥቶ ትንሽ የተጓዘ ሰው ውኃው ሁለት ቀለም ሆኖ ጎን ለጎን ሲሄድ ያያል። በስተደቡብ በኩል፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ የሱንት ጫካ ነበረ፤ ጥቂቱም አለ። በ1939 የተከለለ፣ 1,500 ሄክታር ገደማ የነበረ የግራር ጫካ ነው። ዓባይ ሲሞላ ነጭ ዓባይን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ጫካውም ለወራት በውኃ ውስጥ ይቆማል። ብዙ ዛፍ በዚህ ይሞታል፤ ሱንት ግን ይህን ይወዳል። ውኃው ሲጎድል ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ተጓዥ ወፎች፣ ሽመላዎችና ዳክዬዎች፣ ረግረጉ ላይ ያርፉ ነበር። ፍሬው ለቆዳ ፋቂ ቆዳ ማልፊያ ነው፤ እንጨቱ ከባድ፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ በውኃ ቶሎ የማይበሰብስ ነው፤ የሱዳን የባቡር ሐዲድ ለብዙ ዘመን የተኛው በሱንት ግንድ ላይ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጋዝና መብራት ሲጠፋ ከጫካው ብዙው ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ። ልጁን ለማብላት የቆረጠን ሰው መውቀስ አይቻልም። የጠፋውን ግን መቁጠር ይገባል፤ ከጫካው ጋር የሚጠፋ ሙያ አለና።

ያንን ሙያ ለማየት በ1920ዎቹ የተሠራውን የብረት ድልድይ ወደ ኡምዱርማን ተሻግሮ ዳሩን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ወደ አቡ ሩፍ መሄድ ነው። ጦርነቱ እስኪበትናቸው ድረስ ጀልባ ሠሪዎቹ ይሠሩ የነበሩት እዚያ፣ በወንዙ ዳር፣ በሜዳ ላይ ነው። ሕንፃ አልነበራቸውም፤ ማሽን አልነበራቸውም፤ ንድፍ አልነበራቸውም። የነበራቸው መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ መዶሻ፣ ረጃጅም ምስማርና ልምድ ያጸናው ዓይን ነው።

የሱንት ዛፍ ለጀልባ ሠሪ የሚሰጠው ነገር ግራ የሚያጋባ ነው። እንጨቱ ለውኃ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ግንዱ ግን አጭርና ቆልማማ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ ሳንቃ ከእርሱ አይወጣም። በሌላው ዓለም ጀልባ ሠሪ መጀመሪያ አጥንቱን ያቆማል፤ ከሥር ምሰሶ፣ ከጎን የጎድን አጥንት፤ ከዚያ ረጃጅም ሳንቃ ያለብሰዋል። የኡምዱርማን ጀልባ ሠሪ ይህን መንገድ ትቶታል። ጀልባው የጎድን አጥንት የለውም። አጫጭር፣ ወፋፍራም ሳንቃዎች በጠርዛቸው እየተጋጠሙ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረደሩ ይወጣሉ፤ የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር እንዳይገጥም ይፈራረቃል። ግንበኛ ጡብ ሲደረድር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሳንቃውን ከሳንቃ የሚያስረው ምስማር ነው፤ አመታቱ ግን የተለየ ነው። ከላይኛው ሳንቃ ጎን በሰያፍ ይገባል፤ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ የታችኛውን ሳንቃ ጠርዝ ይነክሳል። ሱንት ጠንካራ ስለሆነ ምስማሩ ዝም ብሎ አይገባም፤ ቀዳዳ አስቀድሞ ይዘጋጅለታል፤ ለራሱም ማረፊያ ይፈለፈልለታል። ሰያፉ በጣም ቢቆም ታችኛውን አይደርስም፤ በጣም ቢተኛ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ይህን የሚለካ መሣሪያ የለም። እጁ ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቆልማማው እንጨት አጠቃቀም ነው። ጀልባው ከወገቡ ሰፍቶ ወደ ጫፉ ይሾላል፤ ጎኑ በሁለት አቅጣጫ ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ሳንቃ ያለው ሠሪ በእንፋሎት ወይም በእሳት ማጠፍ ይኖርበታል። የአቡ ሩፍ ሰው ግን ክምሩ መካከል ይዞርና ዛፉ ራሱ ያጠፈውን ይፈልጋል። ይህኛው ጉብታ ለሆዱ፣ ያኛው ክርን ለአፍንጫው ይሆናል። ከዚያ በመጥረቢያ ስስ ስስ አድርጎ ይጠርበዋል፤ ያስጠጋዋል፣ ብርሃን የሚያሾልክበትን ያያል፣ ያወርደዋል፣ እንደገና ይጠርበዋል። ነፋስ የጠመዘዘው፣ ሌላ አናጢ ለማገዶ የሚጥለው እንጨት እዚህ ቦታ አለው። የቀረውን ክፍተት ጨርቅ ይወተፍበታል። ጀልባው ውኃ ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፤ መጋጠሚያው ይጠብቃል። ከጎን ወደ ጎን የሚያልፉት ተሻጋሪ ግንዶች ሁለቱን ጎኖች ይይዟቸዋል።

ይህ አሠራር ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ማስረጃ አለው። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን ስለ ግብፅ ሲጽፍ፣ ከግራር የሚሠሩ፣ ሁለት ክንድ በሚያህሉ ሳንቃዎች እንደ ጡብ የሚደረደሩ፣ የጎድን አጥንት የሌላቸው የናይል ጀልባዎችን ገልጿል። ለብዙ ዘመን ነገሩ ግልጽ አልነበረም። በግብፅ ባሕር ጠረፍ በሰጠመችው የቶኒስ-ሄራክሊዮን ከተማ የተገኘ የጀልባ ስብርባሪ ተጠንቶ በ2019 ሲታተም ግን ገለጻው ትክክል መሆኑ ታየ። የዝርዝሩ ልዩነት አለ፤ ያኛው በእንጨት ምላስ የተያያዘ ነው፣ የኡምዱርማኑ በብረት ምስማር። አስተሳሰቡ ግን አንድ ነው። ምሁራን ከውኃ በታች የፈለጉትን መልስ አቡ ሩፍ ላይ ሰዎች በፀሐይ ብርሃን ሲሠሩት ኖረዋል። የጣና ሰው ደንገል አስሮ ታንኳ እንደሚሠራ ሁሉ፣ እዚህም ወንዙ የሚያበቅለው ነገር የጀልባውን መልክ ወስኗል።

እንዲህ የተሠራ ነገር አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ይጠገናል። አንድ ሳንቃ ቢበሰብስ ያ ሳንቃ ብቻ ይወጣል፤ በቦታው ሌላ አጭር እንጨት ይገባል። ጀልባው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ አካሉ ቀስ በቀስ ይታደሳል። ለሂንከል ቤተ መቅደሶችም ይኸው ነው፤ ድንጋዮቹ ቁጥር አላቸው። ለፋራስ ሥዕሎችም ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ ከግድግዳ ተላቀው ሌላ ጀርባ አግኝተዋል። ከአንድ ወጥ ቁስ የተሠራ ነገር ሲሰበር ስብራቱ ፍጻሜው ነው። ከብዙ ትንንሽ ነገሮች በጥንቃቄ የተገጣጠመ ግን መፈታትን አስቀድሞ ያውቃል፤ የመመለሻ መንገዱ በውስጡ ነው።

ዛሬ ካርቱምን መልሶ ስለመገንባት ሲነገር ድልድይ፣ ኤርፖርት፣ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ይጠራሉ፤ ሊጠሩም ይገባል። ነገር ግን ሰላሳ ዓመት የሚፈጀውን ሥራ ዛሬ ካልጀመሩት ማንም አይጀምረውም። ለጀልባ የሚበቃ የሱንት ግንድ የሚደርሰው ከሃያ እስከ ሰላሳ ዓመት ነው። የምስማሩን ሰያፍ የሚያውቁ እጆች ደግሞ አሁን ያሉ ሰዎች እጆች ናቸው፤ ከተበተኑበት ካልተሰበሰቡ ለወጣት የሚያሳይ አይኖርም። ስለዚህ የከተማዋን ጥገና ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች ከሲሚንቶና ከብረት ዋጋ አጠገብ ሁለት መስመር ይጨምሩ፤ አንዱ ለሱንት ችግኝ፣ ሌላው አቡ ሩፍ ላይ ለሚቀጠር ወጣት የሙያ ተማሪ። ለአንድ ዋና ከተማ በጀት ይህ ከቁም ነገር የማይገባ ወጪ ነው። በስምንት ሺህ ዓመት ውስጥ ይህን ዳርቻ ያስከበረው ግን እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር በብልህ እጅ መያዙ ነው።